ጋበርና ዴዝ ሜታል ዝምድና አላቸው? ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ላፕቶፕ ላይ በኤፍኤል ስቱዲዮ ቢት እሠራለሁ። ነፍሴ ጋበርና ሃርድኮር ቴክኖ ነው። ጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል፤ እሱ ከዴዝ ሜታል ሌላ አይሰማም። አብረን እንሥራ ብለን ሞከርን። በ180 ቢፒኤም ኪክ ላይ ጊታሩ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ይድበሰበሳል። እሱ ‹ሁለቱ አይገናኙም፣ ያንተ የማሽን ጩኸት ነው› ይለኛል። እውነት አይገናኙም? ከተገናኙስ እንዴት ነው የምናዋህዳቸው? እዚህ አገርስ ማን ይሰማናል?»

ይገናኛሉ። ጓደኛህ በዚህ ተረቷል፣ ንገረው። ለማያውቅ አንባቢ ልጨምር፦ ጋበር በማሽን የሚሠራ ፈጣንና ጨካኝ የዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ዴዝ ሜታል ደግሞ በተዛባ ጊታርና በጉሮሮ ጩኸት የሚሠራ ከባድ ሜታል። ኪክ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ድምፅ ነው፣ ቢፒኤም በደቂቃ ያለው የምት ብዛት። አንተም ግን ቶሎ አትደሰት። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፍጥነትና ንዴት ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍጥነት በወሎ ሰርግ ላይም አለ። ንዴትም የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሁለቱን ዘመድ ያደረጋቸው ዲስቶርሽን ነው። ድምፁን ሆን ብለው ያበላሹታል፣ ከዚያ የተበላሸውን ድምፅ ዋና መሣሪያ አድርገው ይጫወቱበታል። ያንተ ኪክና የሱ ጊታር የሚጣሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ ይፈልጋሉ።

ወደ ጠቡ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገርህ፤ ጓደኛህን የሚያሳምነው እሱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በርሚንግሃም የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ነች። ሄቪ ሜታል ከዚያ ወጣ ቢባል ብዙ ሰው አይከራከርም። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበታል። ከፕላስቲክ የሠራውን ቆብ ጣቶቹ ላይ እያጠለቀ መጫወቱን ቀጠለ። በኋላ ክሮቹ እንዲላሉለት ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ጀመር። ያ ዝቅ ያለ ቅኝት ዛሬ የከባድ ሜታል ሁሉ መለያ ሆኗል። ኮምቦልቻ ላደገ ልጅ ፋብሪካ የሰውን እጅና ጆሮ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እዚያው አካባቢ ናፓልም ዴዝ የሚባል ባንድ በ1987 «ስከም» የተባለውን አልበም አወጣ። ግራይንድኮር የሚባለው እጅግ ፈጣን የሜታል ዓይነት መልኩን የያዘው በዚህ አልበም ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ ከ1 ሰከንድ ብዙም አይረዝምም። ድራመሩ ሚክ ሃሪስ ነው፤ ብላስት ቢት የሚባለውን እጅግ ፈጣን የድራም አመታት ስም ካሰጡት ሰዎች ዋናው። በአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ጊታሩን የተጫወተው ደግሞ ጀስቲን ብሮድሪክ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ የት ሄዱ? ብሮድሪክ በ1988 ጎድፍሌሽ የሚባል ቡድን መሠረተ። ድራመር የለም፣ ድራም ማሽን ብቻ። በ1989 የወጣውን «ስትሪትክሊነር»ን ስትሰማ ጊታሩ ሜታል ነው፣ ምቱ ግን ሳያዛንፍ የሚወቅጥ ማሽን ነው። ሃሪስ ደግሞ በ1991 ባንዱን ትቶ ስኮርን የሚባል ሥራ ጀመረ፤ ዘገምተኛ፣ ጥቁር፣ ቤዙ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ። በዘመኑ እሱን በፍጥነት የሚያህለው ድራመር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እሱ ራሱ ወደ ማሽን ሄደ። ለጓደኛህ ይህን ብቻ ብትነግረው ይበቃል።

ግን አይበቃህም፣ አውቃለሁ።

በዚያው ዘመን ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ ማርክ አካርዲፓኔ ሜስካሊነም ዩናይትድ በሚል ስም በ1990 አንድ ትራክ ሠራ። ሃርድኮር ቴክኖ ከየት ጀመረ ሲባል ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያ ነው። ኪኩ የመጣው በ1983 ከወጣው ሮላንድ ቲአር-909 ድራም ማሽን ነው፤ ግን እስኪሰነጠቅ ተጎትቷል። ሮተርዳም ተቀበለችው፣ አፈጠነችው፣ ጋበር ሆነ። ኒውዮርክ ደግሞ ሌኒ ዲ ኢንደስትሪያል ስትሬንግዝ በሚባለው አሳታሚው አራባው።

አሁን ነው ነገሩ የሚጥመው። ናፓልም ዴዝንና ጎድፍሌሽን ያሳተመው ኢርኤክ የሚባል የኖቲንግሃም ኩባንያ ነው። ጓደኛህ የሚወዳቸው እነ ሞርቢድ ኤንጅል፣ እነ ካርካስ፣ እነ ኢንቱምድም በዚያው ቤት ያለፉ ናቸው። ያ ኩባንያ በ1990ዎቹ የኢንደስትሪያል ስትሬንግዝን የጋበር ስብስቦች ወስዶ ለሜታል አድማጮቹ ሸጠ። በ2000 ደግሞ የሜልበርኑን ዘ በርዘርከርን አወጣ። የባንዱ መሪ ሉክ ኬኒ ከጋበር ዲጄነት የመጣ ሰው ነው፤ የዴዝ ሜታል ጊታርን በጋበር ኪክ ላይ ጫነው። እናንተ ኮምቦልቻ ውስጥ የምትሞክሩት ነገር ማለት ነው። ጓደኛህ አልሰማውም ማለት ነው እንጂ አልተሠራም ማለት አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ኬኤምኤፍዲኤም የሚባለው ቡድን በ1990 የሜታል ባንዱን የስሌየርን ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ሳምፕል አድርጎ፣ ማለትም ቀንጭቦ ወስዶ፣ የዳንስ ምት ላይ አስቀመጠው። በርሊን ውስጥ በ1992 የተመሠረተው አታሪ ቲንኤጅ ራየት የአታሪ ኮምፒውተር፣ የተቆራረጠ ድራምና የጊታር ጩኸት አቀላቅሎ ናዚዎችን ሲራገም ኖረ። የሎስ አንጀለሱ ፊር ፋክትሪ በ1993 ዘፈኖቹን ለኤሌክትሮኒክ ሠሪዎች ሰጥቶ በአዲስ አሠራ፤ በ1997 ደግሞ ጭራሽ የጋበር ሚክስ አወጣ። ኖርዌይ ውስጥ ሚስቲከም በ1996 ብላክ ሜታልን በድራም ማሽን ሠራው። የዛሬውን ከፈለግህ ፈረንሳዊው ኢጎር አለልህ፤ ብሬክኮርን (በተቆራረጠ ፈጣን ድራም የሚሠራውን)፣ ብላክ ሜታልንና የጥንት የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሙዚቃን በአንድ ዘፈን ውስጥ ያጋጫል። ለእኔ አንዳንዴ ይበዛብኛል፤ ቆርጦ የሚቀጥልበትን እጁን ግን አደንቃለሁ።

ወደ እኛ አገር የሚመጣ ክርም አለ። ሚክ ሃሪስ ከናፓልም ዴዝ ሲወጣ ከሳክስፎኒስቱ ጆን ዞርንና ከቤዚስቱ ቢል ላስዌል ጋር ፔይንኪለር የሚባል ቡድን አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው በ1991 በኢርኤክ ታተመ። ቢል ላስዌል ማን ነው? በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ሰው ነው። የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»ንም በ2012 ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ማለትም ጂጂን በሰማህበት ጆሮና በግራይንድኮር መካከል ያለው አንድ ቤዚስት ነው። ይህን ለሰው ስነግር ፉገራ ይመስለዋል።

ታሪኩ እዚህ ይብቃ። ጓደኛህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልዩነት አለ፣ ሚክስህን የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሜታል በሪፍ ነው የሚያስበው። ክፍል ይቀያየራል፣ ፍጥነት ይቀያየራል፣ ሰው ደግሞ ጊታሩን ተከትሎ ራሱን ይነቀንቃል። ጋበር የሚያስበው በኪክ ነው። አንድ ኪክ ሠርተህ አምስት ደቂቃ ትደግመዋለህ፤ ሰው እግሩን የሚያነሳው ለሱ ነው። በሜታል ኪክ የጊታሩ አገልጋይ ነው። በጋበር ኪኩ ራሱ ሪፉ ነው፤ ድራምም ቤዝም ዜማም እሱ ነው። እናንተ ሁለት አለቆች አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ነው «ለምን አይስማሙም» የምትሉት።

አሁን በቁጥር እንየው።

የጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ሄርዝ በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት ነው። ጓደኛህ ፓወር ኮርድ ሲይዝ አምስተኛውን ድምፅ ይጨምርበታል፤ እሱ 123 ሄርዝ ከምናምን ነው። ጊታሩ ንጹሕ ከሆነ የምትሰማው እነዚህን ሁለቱንና ተፈጥሯዊ ቅጥያዎቻቸውን ነው። በዲስቶርሽን ሲያልፉ ግን የማዕበሉ ጫፍ ይቆረጣል፣ ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ከልዩነታቸው አዲስ ድምፅ ይወለዳል። ከ123 ላይ 82 ስትቀንስ 41 ሄርዝ አካባቢ ታገኛለህ። ይህ ያው ኖታ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ጓደኛህ አልመታውም። ቤዝ ጊታርም የላችሁም። ዲስቶርሽኑ ራሱ ፈጠረው። ሜታል ፓወር ኮርድ የሚወደውም ለዚህ ነው፤ የሚወለደው ድምፅ ከተመታው ጋር ይስማማል። በዚያው ጌይን (የዲስቶርሽን መጠን) ሙሉ ሜጀር ኮርድ ምታ፣ የሚወለዱት ድምፆች ስለማይስማሙ ይንጫጫል።

ያንተ የጋበር ኪክ ጭራ፣ ከምቱ በኋላ የሚጎተተው ድምፅ፣ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ጊዜ 50 ሄርዝ አካባቢ ነው። እንግዲህ 41 ላይ ማንም ያልጠራው የጊታር ቤዝ፣ 50 ላይ የኪክህ ጭራ። ሁለቱም ተዛብተዋል፣ ሁለቱም ወፍራም ናቸው፣ ሁለቱም አያቆሙም። በ180 ቢፒኤም ከአንዱ ኪክ እስከ ሚቀጥለው 333 ሚሊሰከንድ ነው ያለህ። የኪክህ ጭራ ያን ሁሉ ሞልቶታል። ጊታሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ የለም። የሚድበሰበሰው ለዚህ ነው፤ የጓደኛህ እጅም የፕሮግራሙም ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ታች ያለውን ማን እንደሚይዘው ወስኑ። ኪኩ ይያዝ ካላችሁ፣ ጊታሩን ከ100 ወይም ከ120 ሄርዝ በታች ቁረጠው። ከዲስቶርሽኑ በኋላ ብቻ ሳይሆን በፊትም ትንሽ ቁረጥ። ይህን ብዙ ጀማሪ አያደርገውም። የሜታል ጊታሪስቶች ግን ከአምፑ በፊት ታችን የሚቀንስ ኦቨርድራይቭ ፔዳል የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ወደ ዲስቶርሽን የሚገባው ቤዝ ሲያንስ የሚወጣው ድምፅ ይጠነክራል። ጊታሩን ብቻውን ስትሰማው የከሳ ይመስልሃል። ጓደኛህ ይናደዳል። ተወው ይናደድ፣ ኪኩ ሲገባ ይገባዋል።

ጊታሩ ይያዝ ካላችሁ ደግሞ የጋበሩን ጭራ ቆርጠህ ጣል። ኪክህ አጭር ይሁን፣ ከላይ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሄርዝ አካባቢ «ጠቅ» የሚል ነገር ይኑረው። የዴዝ ሜታል ኪክ የታይፕራይተር ድምፅ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በ180 ቢፒኤም ድራመሩ እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍሎ ሲረግጥ በሰከንድ 12 ኪክ ነው፤ በሁለቱ መካከል 83 ሚሊሰከንድ ብቻ። የ50 ሄርዝ አንድ ዙር ብቻውን 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አራት ዙር እንደሞላ ወዲያው ሌላው ኪክ ይመጣል። ወፍራም ኪክ በዚያ ፍጥነት አንድ ላይ ይጋገራል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ተራ ስጧቸው። ሪፉ ሲመጣ ኪኩ አጭር ይሁን፤ ሪፉ ሲያቆም ረጅሙ ጋበር ኪክ ይውረድ። ሜታል ክፍል መቀያየር ያውቃል፣ ጋበር ደግሞ መጠበቅና መልቀቅ ያውቃል። ሁለቱ የሚረዳዱት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ አብሮ ከጮኸ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይደነዝዛል፣ ከባዱም ከባድ መሆኑ ይቀራል።

ኪኩን እንዴት እንደምትሠራው በቅርበት ላሳይህ። የ909 ኪክ ሳምፕል ውሰድ። ኦቨርድራይቭ አድርገው። ከዚያ በኢኪው (የድምፁን ታች፣ መሐልና ላይ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) መሐሉን፣ ከ200 እስከ 800 ሄርዝ ያለውን፣ እየፈለግህ አንድ ቦታ ላይ ከፍ አድርገው። ከዚያ እንደገና ዲስቶርሽን ውስጥ ክተተው። ሁለተኛው ዲስቶርሽን ያንን ከፍ ያልከውን ቦታ ነክሶ ይይዘዋል፤ ኪኩ «ዱም» ማለቱን ትቶ «ዳውን» ማለት ይጀምራል። ኢኪውን በሁለቱ መካከል ስታንቀሳቅሰው አናባቢው ሲቀየር ትሰማለህ። የጋበር ሠሪዎች ዕድሜያቸውን የሚፈጁት እዚያች ቦታ ላይ ነው። የስዊድን ዴዝ ሜታል ጊታርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ኢንቱምድ በ1990 በመጀመሪያ አልበሙ ያሰማው የመጋዝ ድምፅ የመጣው ቦስ ኤችኤም-2 የሚባለው ርካሽ ፔዳል ቁልፎቹ በሙሉ እስከ መጨረሻ ዞረው ነው። የፔዳሉም ሥራ መሐሉን ከፍ አድርጎ መንከስ ነው። አየህ፣ አንዱ ለኪክ አንዱ ለጊታር እንጂ ብልሃቱ አንድ ነው።

እንዲህ የተሠራ ኪክ ኖታ አለው። ስለዚህ ቃኘው። ጭራው 49 ሄርዝ ላይ ከሆነ ጂ ነው፤ ሪፉም ወደ ጂ ይምጣ፣ ወይም ኪኩን ወደ ሪፉ ውሰደው። ኪክና ሪፍ ሳይቃኙ በኢኪው ብቻ ለማስታረቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ሳይድቼይንም ተጠቀም፤ ኪኩ ሲመታ ጊታሩ ዝቅ ይበል። ግን ከ100 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ይመለስ። ከዚያ ከዘገየ በ180 ቢፒኤም ጊታሩ ሳይነሳ ሌላው ኪክ ይደርስበታል። ጓደኛህ ሪፉን ሁለት ጊዜ ይቅዳ፤ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርግ። ኮፒ ፔስት አይደለም፣ ሁለት ጊዜ በእጁ ይጫወት። ኪኩ መሐል ይቀመጥ። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ የሚወጣበት መስመር) ላይ ደግሞ ሌላ ዲስቶርሽን አትጨምር፤ በቃህ።

ሌላ ችግርም እገምታለሁ። ጊታሩን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር እየሰካችሁት ከሆነ እንደ ትንኝ ይጮኻል። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ብዙም አያወጣም፤ ዲስቶርሽን የሚፈጥረውን ጥዝጥዝታ የሚያጣራው እሱ ነው። አምፕ ከሌላችሁ በኤፍኤል ውስጥ ከዲስቶርሽኑ በኋላ ካቢኔት ሲሙሌሽን (የአምፕ ስፒከርን የሚያስመስል ፕሮግራም) አስገቡ። ብዙ ነፃ አሉ። ከዚያ የመብራቱ ጉዳይ አለ። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ ዲስቶርሽን ደግሞ ያችን «ኡምምም» አይምራትም፣ አግዝፎ ያወጣታል። ከኪክህ ጋር አንድ ሰፈር መሆኗን ልብ በል! ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። መብራት ሲሄድ መቅዳት ጥሩ ነው ብል ትስቅ ይሆናል፣ ግን እውነቴን ነው።

ትራኩ ሲያልቅ በጥሩ ሄድፎን ብቻ አትስማው። ኮምቦልቻ ፒያሳ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ያለው ስፒከር 50 ሄርዝ አያወጣም። ታዲያ ሰው ኪኩን እንዴት ይሰማዋል? በዲስቶርሽኑ። ዲስቶርሽን ከላይ ቅጥያ ድምፆችን ስለሚፈጥር ጆሮ የጎደለውን ታች ራሱ ይሞላዋል። ጋበር በስልክ ስፒከር እንኳ የሚገርፈው ለዚህ ነው። የሰርግ ሞንታርቦ ካገኛችሁ ደግሞ እዚያ ላይ ሞክሩት፤ ታች ያለው ጥፋት በሙሉ እዚያ ይጋለጣል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጓደኛህ «እኛ እንፈጥናለን» ማለቱ አይቀርም። ስፒድኮር የሚባለው የጋበር ልጅ 300 ቢፒኤምን እንደ ቀልድ ያልፋል። ከ1000 ቢፒኤም ሲያልፍ ኤክስትራቶን ይሉታል። 1200 ቢፒኤም ማለት በሰከንድ 20 ምት ነው፣ 20 ሄርዝ። እዚያ አካባቢ ጆሮ ምት መቁጠር ያቆምና ኖታ መስማት ይጀምራል። ድራሙ ድራም መሆኑ ይቀራል። በቁም ነገር የምሰማው ሙዚቃ አይደለም፤ ሰው ግን የሚደክም እግር አለው፣ ማሽን የለውም። ውድድሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ወሎ። የአውሮፓን ጋበር ከአሜሪካ ዴዝ ሜታል ጋር ብታዋህዱ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ያንን ግን ሜልበርን በ2000 ጨርሶታል። እናንተ በደጃችሁ ያላችሁን እዩ። ሜታል ከ1970 ጀምሮ ሁለት ርቀቶችን እንደ ጨው ይጠቀማል፤ አንዱ ግማሽ ቶን ነው፣ ሌላው ስድስት ግማሽ ቶን፣ ትራይቶን የሚሉት። አንቺሆዬን ከሲ ጀምረህ ስትይዘው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለቱም ርቀቶች ከሥር ድምፁ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሎች ፈልገው የሚያመጡትን ጓደኛህ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ነው ያደገው። አምባሰልም ከሲ ወደ ዲ ፍላት በግማሽ ቶን ነው የሚነሳው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታወርደው ደረት ላይ የሚያርፈው ክብደት ዲስቶርሽን አልፈለገም፤ ጊታር ላይ ግን ዝቅ ባለ ቅኝት ሞክሩት። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የታወቀ ዜማ ወስዳችሁ ጊታር አታልብሱት። ያ ርካሽ ነው። ቅኝቱን ብቻ ውሰዱ፣ ሪፉን ራሳችሁ ጻፉ።

ምቱንም እንዲሁ። ችክችካ ለሦስት የሚከፈል ምት ነው። ኪኩ አራቱን ይርገጥ፣ ጊታሩ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይክፈለው። በ180 ቢፒኤም በሰከንድ 9 ምት ነው፤ የዴዝ ሜታል እጅ ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ወዲያው ከአውሮፓው ይለያል፤ ሰውነትህ በእግር ሳይሆን በትከሻ ይመልሳል።

ዲስቶርሽንም ቢሆን ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በገናን በቅርብ ሰምተህ ታውቃለህ? በክሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ አለ። ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይንዛል፤ ያ ግርማ ያለው ንዝረት ከዚያ ይመጣል። ቆዳውን አውጣው፣ ንጹሕ ነገር ግን የሞተ ድምፅ ይቀርሃል። በገናን ከጋበር እያወዳደርኩ አይደለም፤ ቦታው ሌላ፣ ክብሩ ሌላ ነው። የምልህ፣ ንጹሕ ድምፅ ብቻ ጥሩ ድምፅ ነው የሚል ሕግ እኛ ዘንድ ድሮም አልነበረም።

ሳምፕል ከፈለግህ ከተማህ ሞልታለች። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ፣ የብየዳ ቤት ግራይንደር ብረት ሲነካ፣ ከባድ መኪና ከሐረጎ ቁልቁል ማርሽ እየቀነሰ ሲወርድ። ከፋብሪካ ግቢ ለመቅዳት ግን አስፈቅድ። ጥበቃው ስልክህን ቢቀማህ እኔ የለሁበትም። አንድ ነገር ደግሞ ተወው፦ የተኩስና የፍንዳታ ሳምፕል። ጋበርም ሜታልም ይወዱታል፤ ሮተርዳም ላይ ጨዋታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ግን በእኛ 2014 ዓ.ም. እውነተኛውን ሰምተዋል። ጎረቤትህ ያለች እናት በግድግዳ በኩል ያንን ድምፅ ድጋሚ መስማት የለባትም።

ስለ ሃይማኖት አልጠየቅህም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። ቤተሰብ ሽፋኑን አይቶ «የሰይጣን ነው» ይላል። ከሜዳ ተነስተው አይደለም፤ ኖርዌይ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የብላክ ሜታል ልጆች ቤተ ክርስቲያን አቃጥለው ታስረዋል። ያ የሰዎቹ ወንጀል ነው። ዲስቶርሽን ፔዳል ግን ሃይማኖት የለውም። በዚሁ ድምፅ መዝሙር የሚዘምሩ ባንዶችም አሉ። ግጥሙ የእናንተ ነው፣ የምታምኑበትን ጻፉ። ጓደኛህ የሚጮኸውን ጩኸት ግን በትክክል ይማር። ጉሮሮው ከቆሰለ ወይ ድምፁ ከሻከረ ያቁም። የሚያም ጩኸት የተሳሳተ ጩኸት ነው።

ማን ይሰማናል ላልከው። ደሴ ላይ ወሎ ባህል አምባን እንሙላ ብላችሁ አትነሱ፣ ገና ነው። ነገር ግን ጎረቤቶቻችንን እይ። ናይሮቢ ውስጥ ዱማ የሚባሉ ሁለት ልጆች ግራይንድኮርንና የኤሌክትሮኒክ ጩኸትን አዋህደው በ2020 አልበም አወጡ፤ ያሳተመላቸው ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ የሚባል የካምፓላ አሳታሚ ነው። ያው አሳታሚ በ2017 የዳሬሰላምን ሲንጌሊ ለዓለም አውጥቷል፤ ከ200 ቢፒኤም በላይ የሚሮጥ፣ በርካሽ ኮምፒውተር የሰፈር ልጆች የሠሩት ሙዚቃ ነው። እኛም አገር እንደገና ሙሉ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም፣ ሮፍናን በ«ነፀብራቅ» ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በእኛ ቅኝት እንደሚቆም አሳይተዋል፤ የነሱ ለስላሳ ነው፣ ያንተ አይደለም፣ መንገዱ ግን ተከፍቷል። አምስትና ስድስት ደቂቃ አትሥሩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል የሆነ አንድ ትራክ ጨርሱ። ከላክልኝ ኪኩን፣ ግራ ጊታሩንና ቀኝ ጊታሩን ለየብቻ፣ ማስተሩ ላይ ምንም ሳይጫን፣ በ24 ቢት ዌቭ ላክ። ኤምፒ3 ከላክህ አልከፍተውም።